ባዶ ኪስ በባንተይቀጡ ዳር

የተማሪ ኪስ ወሩ ሲጋመስ ምን እንደሚመስል ለዚህ ቡለቲን አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቅዳሜ ይመጣል፤ ሲኒማው ገንዘብ ነው፣ ማኪያቶው ገንዘብ ነው፣ ታክሲውም ገንዘብ ነው። የሚቀረው እግር ብቻ። እግር ካለ ደግሞ ቂርቆስና ካዛንቺስ አሉ። ከለገሃር እስከ ቀበና ወንዝ ያለው መሬት አንድ ሳንቲም ሳይጠይቅ የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያሳያል። ችግሩ እኛ በሚኒባስ መስኮት እያየነው ማለፋችን ነው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ የቃል ነገር ላንሳ። ቋንቋችን «ገዛ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሥራ አውሎታል። ዋጋ ከፍሎ ዕቃ የወሰደም ገዛ ይባላል፤ አገር ይዞ ሕዝብ ያስገበረም ገዛ ይባላል። «ነፃ»ም እንደዚያው ነው። ያልተገዛ ሰው ነፃ ሰው ነው፤ የማይገዛ ነገር በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ሲያስሩ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት፣ እኔ እንጃ። በዚህ ሰፈር ውስጥ ስዞር ግን ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። የትም ብሄድ «እዚህ መግባት የሚችል ማን ነበር? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

አዲስ አበባ የወንዝ ከተማ ናት ቢባል የሚስቅ ይኖራል። ወንዞቻችንን የምናውቃቸው አፍንጫችንን ይዘን በድልድይ ስንሻገር ነውና። ሆኖም ከተማዪቱን የወለዳት ውኃ ነው። ከ1879 ዓ.ም. በፊት አገሩ ፊንፊኔ ነበር፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ውኃም በዙሪያው ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ውኃ ነበር፤ ማንም ቲኬት አይቆርጥበትም። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ በዚያ ውኃ ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ መኳንንቱ በየጉብታው ሠፈሩ፤ አንዱን ሰፈር ከሌላው የሚለየው ወንዝና ገደል ነበር። ባንተይቀጡ በፍል ውኃ በኩል አልፎ ወደ ዑራኤልና ወደ ፒኮክ ይወርዳል፤ ቀበና ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። ሁሉም ተጠራቅመው ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ የታወቀ ነው፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ እኛ ወደ ባንተይቀጡ የምንጥለው ነገር ሁሉ ከአገር አይወጣም ማለት ነው። እዚሁ ይቀራል፤ አፋር ይጠጣዋል።

ፍል ውኃ ዛሬ ለመታጠብ ያስከፍላል፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕግ መሠረት ከውጭ አይተን እናልፋለን። ሆኖም ቆም ብሎ ማሰብ በነፃ ነው። ጥንት የነበሩት ባለውኃዎች ከአገራቸው የተነሱት በዚህ ምንጭ የተነሳ ነው። ከተማዋ ገና ስትወለድ አንዱ የሚታጠብበት ሌላው የሚነሳበት ነገር እንደነበረ ልብ በሉ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ለገሃር። ስሙ የፈረንሳይ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ነው። ከጅቡቲ እስከዚህ 784 ኪሎ ሜትር። አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር በአጠገቡ ያልፋል። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ እንደሱ የተንከራተተ ሐውልት በከተማችን የለም።

ይህ የይሁዳ አንበሳ የቆመው ለ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ገባ፤ አንበሳውም ተነቅሎ ሮም ተወሰደና በዶጋሊ የሞቱት ጣሊያኖች መታሰቢያ ሥር ተተከለ። ዶጋሊ ራስ አሉላ የጣሊያንን ጦር የደመሰሱበት ቦታ ነው። ያ ጦርነት የተደረገው በጥር 1879 ነው፤ አዲስ አበባ በተመሠረተችበት ዓመት ማለት ነው! እንግዲህ ጣሊያን የበቀለው ሰው ላይ ብቻ አልነበረም፤ አንበሳውንም ምርኮኛ አደረገው። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ድረስ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበረከከ፤ ሊያስነሱት ሲመጡ ሰይፉን መዘዘና ሰዎች አቆሰለ። እኛ በትንሽነታችን የሰማነው እዚያው ተዋግቶ እንደወደቀ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ይዘው የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገቡት፤ እዚያው ጣሊያን ውስጥ በ1937 ዓ.ም. ሞተ፤ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንደኔ እንደኔ ይኼ ከአፈ ታሪኩ የበለጠ ያማል። በአንድ ቀን ጀግንነት መሞት አንድ ነገር ነው፤ አገርህ ነፃ ከወጣች በኋላ አንተ ተዘግቶብህ አራት ዓመት መኖር ሌላ ነው። አንበሳው ተመልሶ ቦታው ቆመ፤ አብዮቱንም አለፈ። ማየት በነፃ ነው። ከጎኑ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ ግን ዘርዓይን አስታውሱት።

ከዚያ ወደ ቂርቆስ። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከሦስት ዓመት ሕፃን። ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ለጣዖት አንሰግድም ብለው በፈላ ውኃ ጋን ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ ገብርኤል አወጣቸው ይላል ገድሉ። ሐምሌ 19 ይኼ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ ጥር 15 ደግሞ የሕፃኑ በዓል። በንግሥ ቀን ሰፈሩን ያላየ ቂርቆስን አየሁ አይበል። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ነጠላው፣ ልጆቹ፣ ሁሉም በነፃ።

ሐምሌ 19ን ግን ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት ምእመናኑ ሕፃኑ ከፈላው ጋን መውጣቱን ሲያከብሩ፣ የሰፈሩ ጭሰኛ ሁሉ ከአከራይ እጅ ወጣ። በወር እስከ መቶ ብር የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። ኪራዩም ቀነሰ። ቂርቆስንና ካዛንቺስን የምናውቃቸው በዚያ አዋጅ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ስድስት ቤተሰብ፤ ቡና ሲፈላ በአጥር የሚጠራሩበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት ኑሮ። ማሞገሴ አይደለም። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ቤቱም የኔ ነው የሚል ስለሌለው አይጠገንም። ድሃ ሰው በከተማው እምብርት የኖረው ግን በዚያ ኪራይ ነው። ይኼንንም ያዙልኝ።

አሁን መስቀል አደባባይ ደርሰናል። እዚህ ትንሽ እንቀመጥ፤ ደረጃው ሰፊ ነው፣ መቀመጫ አያስከፍልም። ማለዳ ከመጣችሁ ሯጮች ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እንደ መስመር ደብተር ሲጽፉበት ታያላችሁ፤ ከዓለም ዙሪያ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስታዲየም ገብቶ የሚያያቸው ዓይነት እግሮች፣ እዚህ ላብ በላብ ሆነው ባጠገባችሁ ያልፋሉ። መስከረም 16 ደመራው ይለኮሳል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ እኛ ግን ሳይመዘገብም እንመጣ ነበር። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተሠርቶ ከሥሩ መኪና ማቆሚያ ተበጅቶለታል።

ይህ ቦታ አብዮት አደባባይ የተባለበት ዘመን ነበር። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተሰቅሎበት ሰው በግዴታ የሚሰለፍበት ዘመን። ሰልፍ መውጣት ዋጋ የለውም ነበር፤ መቅረት ግን ዋጋ ነበረው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚሁ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከሰበረ በኋላ፣ ቀይ ሽብሩ በይፋ ተፋፋመ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ከሞቱት ብዙዎቹ እንደኛ ተማሪዎች ነበሩ። ወረቀት የሚበትኑ፣ ማባዣ ማሽን የሚያሽከረክሩ፣ ጣታቸው ቀለም የነካው። አንዳንዱ ምናልባት ከዚህ ቡለቲን የማይሻል ጽሑፍ ጽፎ ነው የሞተው።

በአደባባዩ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። መግቢያ አይጠየቅም፤ የፈቀደ መዋጮ ይጥላል። በከተማችን በነፃ ከሚታዩት ነገሮች ይኼን የሚያህል ከባድ የለም። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ አብዛኛው የትምህርት ቤት ወይም የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል፣ ጉርድ፣ ጸጉሩ አፍሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፊ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አለ። የልብስ ቁራጭ አለ። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ሠርተውበታል።

ይኼን ጽሑፍ በገንዘብ ነገር ጀምሬዋለሁና የገንዘቡን ነገር ልናገር። በዚያ ዘመን የልጁን ሬሳ ሊወስድ የሄደ ወላጅ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። በደንብ አንብቡት፤ ልጁን የገደለችውን ጥይት ዋጋ። ከፍሎም ማልቀስ አይፈቀድለትም። በኛ አገር ለቅሶ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ ጠላት እንኳ ሲሞት ይለቀሳል። ዕድሩ ድንኳን አይተክል፣ ጎረቤት አይሰበሰብ፣ ነጠላ አይዘቀዘቅ። እንግዲህ ያ ሙዚየም በሩን ያለ ክፍያ መክፈቱ ትክክል ነው እላለሁ። የመግቢያው ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል። በሙዚየሙ ስትገቡ ሳቅና ጨዋታችሁን ውጭ ተዉት፤ ሁላችሁም አንድ ላይ አትግቡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ስትወጡም ወዲያው አታውሩ።

ከዚያ ወደ ላይ ስንወጣ ግራው ግዮን ሆቴልና የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው። ግቢው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የሃያ አምስት ዓመት በዓል የተሠራ ሲሆን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያው ግቢ በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ስለዚህች መኪና ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተቀልዷል፤ እኔ አልጨምርም። ከአጥሩ ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆም ብሎ የርቀቱን ማነስ ማየት ብቻ ይበቃል። ከቤተ መንግሥት በር እስከ አብዮት አደባባይ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ትንሽ ወደዚህ ደግሞ የሌኒን ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ አለ። ሌኒን በግንቦት 1983 ተነቅሎ ወደቀ። ንጉሥ በቮልስዋገን፣ ሌኒን በገመድ። አንድ መንደር ውስጥ ነው ይኼ ሁሉ።

ፊት ለፊት አፍሪካ አዳራሽ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነደፈው፤ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። አስቡት እንግዲህ፤ የጣሊያን ጦር ከከተማዋ ከወጣ ሃያ ዓመት ብቻ ነው፣ የአፍሪካን ቤት የሚሠራው ጣሊያናዊ! ቂም መያዝ የማያውቅ ሕዝብ ነው ልበል ወይስ አርክቴክት አጥተን? ለማንኛውም ውብ ሕንፃ ነው። ውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ የመስኮት ሥዕል አለ፤ መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የትግልና የመጪ ዘመን በሦስት ከፍሎ የሚያሳይ። አፈወርቅ ከአንኮበር የመጣ ልጅ ነው፤ መንግሥት ወደ እንግሊዝ የላከው ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሄዶ ሥዕል ተማረ። ዲፓርትመንት ምደባችሁን ስታለቅሱበት የነበራችሁ ይኼን አስቡ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት ነፃ መንግሥታት በዚህ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ንክሩማ፣ ናስር፣ ሴኩ ቱሬ፣ ሁሉም እዚህ ነበሩ። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተኳርፈው የነበሩትን ለማስታረቅ እንደ ከተማ ይፍሩ የለፋ ሰው ጥቂት ነው። በቻርተሩ ላይ የሚደጋገመው ቃል እንግዲህ ያው የኛ ቃል ነው፤ ነፃ፣ ነፃነት። ከውጭ የሚታየው ሕንፃው ብቻ ነው፤ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ነውና ያለ ፈቃድ አይገባም። ብዙ ዓመት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ካዛንቺስ ትፈርስ ነበር።

ካዛንቺስ፤ አንዳንዱ ካሳንችስ ይላታል። ስሟን ስንሰማ ሙዚቃ፣ ጥብስና ሌሊት ይታሰበናል እንጂ ቢሮ አይታሰበንም፤ ስሙ ግን የቢሮ ስም ነው። ኢንቺስ ማለት በጣሊያን በ1916 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚሠራ ብሔራዊ ድርጅት ስም ምሕጻረ ቃል ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባት አምስት ዓመት ለሹሞቹ ቪላ የሠራበት ሰፈር ነው። ሕዝቡ ስሙን አሳጠረ፣ አለሰለሰ፣ የራሱ አደረገ። ፖፖላሬም፣ ፒያሳም፣ መርካቶም የዚያው ዘመን ውርስ ናቸው።

ቪላዎቹ የተሠሩት ማንም እንዲኖርባቸው አልነበረም። ፋሺስቶቹ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቅደው ነበር፤ ጉዊዲና ቫሌ የሚባሉ ሁለት አርክቴክቶች ካርታውን ሠሩ። ነጩ በዚህ በኩል፣ አገሬው ወደ ምዕራብ፤ የአራዳ ገበያም ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ ፈረንሳያዊ እንኳ ሳይጠራ በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር፤ የነበረውን ሁሉ ጠራርጎ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ንድፍ። እግዜር ይስጠው፣ አልሰሙትም። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ከአፍሪካዊት ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ወጣ። እንግዲህ ካዛንቺስ ስትወለድ አበሻ የሚገባባት ወይ በአሽከርነት ወይ በተላላኪነት ነበር።

በኋላ ያቺ የማይገባባት ሰፈር የሁሉ ሰፈር ሆነች። ቪላውን መጀመሪያ ሹማምንት ወረሱት፤ በዙሪያው የጭቃ ቤት በቀለ፤ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቀበሌ ሆነ፤ ጠጅ ቤት፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ልብስ ሰፊ፣ ክትፎ ቤት። መርጠው ለጥቂት የሠሩትን ብዙዎች ኖሩበት። ይኼንን ካርታ ላይ የሠራው አርክቴክት የለም። ሰው በኑሮው የሠራው ነው። እኔ ከከተማችን ታሪክ የምወደው ክፍል ይኼ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ገላን ጉራ፣ ተወሰዱ። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፤ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ መቀመጫም አለው፤ በነፃ ነው። ይኼን መካድ አልፈልግም። የድሮው ግቢ ሽንት ቤት ናፈቀኝ የሚል ካለ ወይ አልኖረበትም ወይ ረስቶታል። ወንዞቹም እንዲጸዱ በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ ወጥቷል። ለሱ ገንዘብ ለማሰባሰብ በግንቦት 2011 በታላቁ ቤተ መንግሥት እራት ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ገበታ ለሸገር» ይባላል፤ የአንድ ሰው ወንበር አምስት ሚሊዮን ብር። የወንዝ ዳር ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ተብሎ በታሪካችን እጅግ ውዱ እራት ተበላ ማለት ነው። አትሳቁ፤ ገንዘቡ ለሥራ ከዋለ ምን አለበት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መናፈሻው ሲያልቅ አጠገቡ ይኖር የነበረው ሰው አጠገቡ የለም። የወዳጅነት ፓርክ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ተከፍቷል፣ በሩ ላይ ግን ይከፈላል። ውኃው ለሁሉ ነበር፤ ከዚያ ለአንዳንዱ ሆነ፤ ይኼን ከፍል ውኃ ጀምረን አይተነዋል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች፣ የሥነ ጽሑፍም፣ የአርክቴክቸርም፣ አንድ ሥራ አለን። ሕንፃ ፈርሶ ፎቶው ይቀራል። የግቢ ወግ ግን በሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ማን በየትኛው ቪላ ነበር፣ የትኛው ዕድር መቼ ተቋቋመ፣ በ1969 ከየትኛው በር ማን ተወሰደ። ይኼን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች አሁን የሚኖሩት ሌላ ቦታ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መሄድ፣ ቡና ሲፈላ መቀመጥ፣ መስማት፣ መጻፍ። ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ አለመነሳት። ቡናውን አያስከፍሉንም፤ ደግሞም ቆሎ ይጨመርበታል። የገላን ጉራው አውቶቡስ ግን በነፃ አይደለም፤ ለደርሶ መልስ የሚሆን ሳንቲም ከወር መግቢያው ላይ ለይታችሁ አስቀምጡ።